ሃምሳ አራት ስንት ነው?

ባለፈው ሳምንት በሞዴል ፈተና 61 ያመጣ የሕክምና ተመራቂ በዚህ ሳምንት 54 ቢያመጣ ምን ደረሰበት? ለራሱ ብትተዉለት መልሱ አጭር ነው፤ ‹‹ወረድኩ›› ይላል። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። በነጋታው የጀመረውን የውስጥ ደዌ ክለሳ ጥሎ ወደ ማህፀንና ጽንስ ይሮጣል። በሦስተኛው ቀን ‹‹ሕፃናት ሕክምናም ጠፍቶብኛል›› ብሎ ሁለቱንም ይተዋቸዋል። እኔ በዚህ ምዕራፍ የምከራከረው ልጁ ምናልባት ምንም አልደረሰበትም ብዬ ነው። የወረደው ቁጥሩ እንጂ እሱ ላይሆን ይችላል።

ጭንቀቱ ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር በ2011 ዓ.ም. ለአዲስ ተመራቂዎች አገር አቀፉን የብቃት ምዘና ፈተና ከጀመረ ወዲህ፣ የሙያ ፈቃድ የሚገኘው በዚያ በር አልፎ ነው። ተማሪው በልማድ ‹‹ሲኦሲ›› ይለዋል። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና አስገባ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ። ስድስት ዓመት ሙሉ የተለፋበት ነገር በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይለያል።

ይህን ከሐይቅና ከአምባሰል ሆናችሁ እዩት። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ትመጣለች፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ሲቀጥል ውጫሌና የአምባሰል ተራሮች። ከዚያ አቀበት ላይ ካለ የገበሬ ቤት ወጥቶ ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕክምና የገባ ልጅ ገና የሰው ልጅ የሰውነት አሠራር መማር ሲጀምር ነው በሰፈሩ ‹‹ዶክተር›› የተባለው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ደሴ ሲገባ ዩኒቨርሲቲውም የደሴ ሆስፒታልም ተዘረፉ፤ ትምህርቱ ተቋረጠ፣ ምርቃቱ ተገፋ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፋ። ይህን ሁሉ አልፎ የመጣ ልጅ ስልኩ ሲጮህ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ ‹‹ልጄ፣ ስንት አመጣህ?›› እናት ለግሸን ማርያም ተስላለች፤ መስከረም 21 ቀን ሻማ ይዛ ትወጣለች። ጎረቤቷ ወዳጃ ተቀምጣ ዱዓ አስደርጋለታለች። በወሎ ሁለቱም ለአንድ ልጅ መደረጉ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚህ በኋላ 54 ቁጥር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የሚገርመኝ ግን ይህ ልጅ የቁጥርን ነገር ከማንም በላይ የተማረ መሆኑ ነው። አንዲት እናት ተመላላሽ ሕክምና መጥታ የደም ግፊቷ አንድ ጊዜ ሲለካ ከፍ ቢል፣ እዚያው የዕድሜ ልክ መድኃኒት አይጽፍላትም። አሳርፎ ደግሞ ይለካል፣ ሌላ ቀን ትምጣ ይላል፣ ክንዷ ከልቧ ትይዩ መሆኑን ያያል፣ ዳገት ወጥታ መምጣቷን ይጠይቃል። ነጭ ጋዋን ማየት ብቻውን ግፊት እንደሚያስነሣም ያውቃል። አንድ ልኬት ማለት እውነተኛው ግፊትና የዚያች ሰዓት ሁኔታ ተደምረው የሰጡት ቁጥር እንደሆነ በሦስተኛ ዓመቱ ተምሯል። ራሱን ሲለካ ግን በአንድ ልኬት ምርመራውን ዘግቶ፣ መድኃኒት አዝዞ፣ መጠኑንም በዚያው ሌሊት ይጨምራል።

እስቲ ስሌቱን እናውርደው። የዚህ ልጅ እውነተኛ ደረጃ 60 ነው እንበል። ይህም ማለት በትምህርቱ ሊጠየቁ ከሚችሉት በሺህ የሚቆጠሩ ጥያቄዎች ውስጥ ስድሳ በመቶውን በትክክል ይመልሳል። ከነዚያ ውስጥ 100 ጥያቄ በዕጣ ወጥቶ ቀረበለት። ስንት ያመጣል? ‹‹60›› ማለት ይቀናል፤ ግን የሚያውቃቸውና የማያውቃቸው ጥያቄዎች ሁልጊዜ እኩል አይደርሱትም። አንድ ቀን ኩላሊት ይበዛበታል፣ አንድ ቀን ልብ። የዕድሉ መዋዠቅ የሚለካው 0.6ን በ0.4 አባዝቶ፣ ለ100 አካፍሎ፣ ስኩዌር ሩቱን በመውሰድ ነው፤ 0.049 ይሆናል፣ አምስት ነጥብ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ ያው ልጅ፣ በዚያው ዕውቀት፣ ከሦስት ፈተና በሁለቱ በግምት ከ55 እስከ 65 ያመጣል። አንዳንድ ጊዜ 52 ያመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም 68 አምጥቶ ጓደኞቹን ሻይ ይጋብዛል።

ሁለት ፈተናዎችን ማነጻጸር ደግሞ ከዚህ ይብሳል፣ ምክንያቱም ሁለቱም ይዋዥቃሉ። በሁለት የመቶ ጥያቄ ፈተናዎች መሃል ያለው ልዩነት በተለምዶ ሰባት ነጥብ ያህል ይወዛወዛል። ምንም ያልተማረና ምንም ያልረሳ ሰው ሁለት ጊዜ ቢፈተን፣ ከሦስት ጊዜ አንዱን ውጤቶቹ በሰባትና ከዚያ በላይ ይራራቃሉ፤ ከስድስት አንድ ጊዜ ያህል ደግሞ የሚራራቁት ወደ ታች ነው። ከ61 ወደ 54 ስንት ነው? ሰባት። ልጁ እንቅልፍ ያጣበት ነገር ዳይስ ተጥሎ አንድ የተወሰነ ቁጥር የመምጣቱን ያህል ተራ ነገር ነው።

ስሌቱ ግምታዊ መሆኑን ልብ በሉ። በደንብ የተዘጋጀ ፈተና ጥያቄዎቹን በየዘርፉ ስለሚመድብ መዋዠቁ ትንሽ ይቀንሳል፤ በዘፈቀደ የተለቃቀመ ወረቀት ደግሞ ያባብሰዋል። የኛ ተማሪ እጅ የሚገባው አብዛኛው መለማመጃ የኋለኛው ዓይነት ነው፤ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ፣ መልሱ የተሳሳተ ጥያቄ የተቀላቀለበት፣ አንዱ ወረቀት የሌላው ግልባጭ የሆነ። ሁለተኛ ሲያየው 78 ያመጣበት ፋይል ዕውቀቱን አልለካም፤ ፋይሉን ማስታወሱን ነው የለካው። ወደ አሜሪካ ለመሄድ የሚፈተኑ ሐኪሞቻችን በዚህ በኩል ዕድለኞች ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና ከጥር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ‹‹አለፈ ወይም ወደቀ›› ብቻ ሆኗል፤ ፈተናውን ከሚያወጡት አንዱ የሆነው ተቋም ራሱ የሚሸጠው መለማመጃም ውጤቱን ከማለፍ ዕድል ግምት ጋር ይሰጣል። ደሴ ያለው ልጅ ያንን ግምት በገዛ እርሳሱ ማውጣት አለበት።

ያውጣው ታዲያ። ማለፊያው 50 ቢሆንና እውነተኛ ደረጃው 60 ቢሆን፣ በመቶ ጥያቄ የመውደቅ ዕድሉ ከመቶ ሁለት አይሞላም። 55 ቢሆን ወደ አሥራ ሦስት ይወጣል። 52 ቢሆን ሠላሳ ይደርሳል። 65 ቢሆን ከሺህ አንድ እንኳ አይሆንም። ጥናቱን የት ድረስ መግፋት እንዳለበት የሚነግረው ይህ ነው፤ ከ52 ወደ 57 የሚያደርሱት አምስት ነጥቦች ሕይወት ይለውጣሉ፣ ከ65 ወደ 70 የሚያደርሱት ግን ለማለፍ ሲባል ከሆነ ብዙም አይጠቅሙም። እውነተኛ ደረጃውን ለማወቅስ? የመጨረሻዎቹን አራት፣ ከዚህ በፊት ያላያቸውን ፈተናዎች አማካይ ይውሰድ። አራት መቶ ጥያቄ ሲደመር መዋዠቁ ወደ ሁለት ነጥብ ተኩል ይወርዳል። አማካዩ 59 ከሆነ፣ የትናንቱ 54 ከአራቱ አንዱ ከመሆን ያለፈ ሥልጣን የለውም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማን በእስራኤል አየር ኃይል አሠልጣኞች ዘንድ ያጋጠመውን መጻፉ እዚህ ይጠቅመናል። አሠልጣኞቹ ጥሩ ያበረረውን ሠልጣኝ ቢያመሰግኑት በሚቀጥለው ይበላሻል፣ ያበላሸውን ቢቆጡት ግን ይሻሻላል ብለው ያምኑ ነበር። የሆነው ሌላ ነው። በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም ውሎ በከፊል ዕድል ስለሆነ፣ ቀጣዩ ውሎ ቢመሰገንም ቢቆጡትም ወደ መሃል ይመለሳል። የኛም ልጅ 54 ባመጣ ማግስት ራሱን ይቀጣል፤ እንቅልፍ ይነሣል፣ ምግብ ይዘላል፣ ስልኩን ይዘጋል። በሚቀጥለው 62 ያመጣል። ‹‹አየህ፣ ራሴን ስቀጣ ይሻለኛል›› ይላል። 62ቱ ግን ያለ ቅጣቱም ይመጣ ነበር። እንዲህ ነው ክፉ የጥናት ልማድ ማስረጃ ያገኘ መስሎ ሥር የሚሰደው።

ታዲያ መለማመጃ ፈተና ምን ይሠራል? ይህን ያህል የሚዋዥቅ ከሆነ ለምን ይፈተናል? ዋናው ጥቅሙ ከመለካት ውጭ ነው። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1998 ዓ.ም. ያወጡት ሙከራ አለ። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ፤ ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት፣ በሌላው ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 ለ75። ከሳምንት በኋላ ሲጠየቁ ግን ተገለበጠ፤ ደግመው ካነበቡት 42 ከመቶ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን ከፈተኑበት 56 አስታወሱ። ማንበብ ‹‹አውቄዋለሁ›› የሚል ስሜት ይሰጣል፤ መፈተን ስሜቱን ነስቶ ትምህርቱን ያስቀራል። ከዚህ አንጻር ልጁ ሞዴል ፈተና ላይ የሳታቸው 46 ጥያቄዎች ፈተናውን የወሰደላቸው ጥያቄዎች ናቸው። ውጤቱን አይቶ ተናዶ ወረቀቱን የሚያሽቀነጥር ሰው የከፈለበትን ዕቃ ሱቁ ውስጥ ጥሎ ወጥቷል።

ይህን ሐይቅ ላይ ሆኖ ለመማር የአሜሪካ ሙከራ አያስፈልግም ነበር። ከከተማዋ አጠገብ ባለው ሐይቅ ውስጥ ገብቶ በሚታየው ምድር ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የአገሪቱ ትልቅ ትምህርት ቤት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ሳይቀሩ እዚያ ተምረዋል። የአብነት ትምህርት እስከ ዛሬ ይዞት የመጣውን አሠራር እዩት። የቅኔ ተማሪ በየቀኑ ይቀኛል፣ በየቀኑም መምህሩ ፊት፣ በጓደኞቹ መሃል ያቀርባል። የኔታ ይሰሙታል፣ ይሰብሩታል፣ ያርሙታል። ቅኔው መበላሸቱ የትምህርቱ ክፍል እንጂ የትምህርቱ ፍርድ አይደለም፤ ‹‹የማክሰኞው ቅኔህ 54 ነበር›› ብሎ የሚመዘግብ የለም። ያው ወሎ ውስጥ፣ ቁርአን ቤት ያለው ደረሳ ደግሞ በሉሁ፣ ማለትም በእንጨት ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ሼኹ ፊት ያቀርባል፤ ካለፈ በኋላ ሉሁ ይታጠብና ቀጣዩ ይጻፍበታል። ሲሳሳት የሠራው ስህተት የትም አይቀመጥም። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ርኅሩኆች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ አለንጋውንም የሚያስታውስ ያስታውሳል። ግን ልምምድንና ፍርድን አላምታቱም። ፍርድ ሲፈለግ ጉባኤ ይጠራ ነበር። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከሐይቅ ብዙም በማይርቀው ቦሩ ሜዳ የሰበሰቡት የሃይማኖት ጉባኤ እንዲያ ያለ ነበር፤ ተከራካሪው አንዴ ከተረታ ተረታ። ሞዴል ፈተናን ቦሩ ሜዳ ያደረግነው እኛ ነን።

የተሳሳቱትን ጥያቄዎች መመልከትም ዘዴ አለው፤ እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። መልሱን ሳያይ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ‹‹እርግጠኛ››፣ ‹‹እጠራጠራለሁ›› ወይም ‹‹ገመትኩ›› ብሎ ይጻፍ። በአራት ምርጫ መካከል በጭፍን መገመት ብቻውን ከአራት አንዱን ያስገኛል፤ ስለዚህ ገምቶ ያገኘው ነጥብ የሱ አይደለም፣ ተምሮ የራሱ ሊያደርገው ይገባል። ተጠራጥሮ የሳተው በአንድ ንባብ ይስተካከላል። እርግጠኛ ሆኖ የሳተው ግን ከሁሉ ይለያል። በኤክላምፕሲያ ለምትንዘፈዘፍ እናት መጀመሪያ የሚሰጠው ማግኒዚየም ሰልፌት ሆኖ ሳለ ዳያዜፓም የመረጠና አጠገቡም ‹‹እርግጠኛ›› ብሎ የጻፈ ልጅ፣ ያቺ አንድ ጥያቄ ከቀሩት ሁሉ በላይ ልታስጨንቀው ይገባል። በፈተና አንድ ነጥብ ናት። ከፈተናው በኋላ ራቅ ያለ ጤና ተቋም ላይ ብቻውን አዳሪ ሲሆን ግን የሚጠራጠር ሐኪም መጽሐፍ ይከፍታል ወይም ደሴ ይደውላል፤ እርግጠኛ የሆነው አይደውልም። 70 አምጥቶ እንደዚህ ያሉ አሥር ስህተቶች ያሉበትን ሰው፣ 58 አምጥቶ ሁለት ብቻ ካሉበት ይልቅ እፈራዋለሁ።

ስለ ጭንቀቱ ራሱ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ‹‹አይዞህ›› የሚሉት መጻሕፍት ሞልተዋል። አንድ ነገር ብቻ። ሊበርትና ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች የፈተና ፍርሃትን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቀደም ብለው ለሁለት ከፍለውት ነበር፤ በአንድ ወገን የልብ መምታት፣ የእጅ ማላብ፣ የሆድ መረበሽ፤ በሌላው ወገን ‹‹ብወድቅስ? እናቴ ምን ትላለች?›› የሚለው የሐሳብ ሰልፍ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ውጤትን ይበልጥ የሚጎዳው ሁለተኛው መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ አራቱን ምርጫ በአእምሮ ይዞ ማመዛዘን የሚፈልገውን ቦታ ያ ሐሳብ ይሻማዋል። የልቡን መምታት ለማስቆም የሚታገል ተማሪ ስለዚህ የተሳሳተውን ጠላት ነው የሚገጥመው። ይምታ።

ደግሞ የማላባብለው ሰው አለ። አዲስ በሆኑ አራት ፈተናዎች አማካዩ 47 የሆነ ልጅ መጨነቁ ትክክል ነው፤ ‹‹ቁጥር ይዋዥቃል›› የሚለው የኔ ስሌት ለሱ መደበቂያ አይሆንም። ለሱ ያለው መንገድ ብሉፕሪንት የሚባለውን የፈተና ንድፍ አውጥቶ፣ ብዙ ጥያቄ የተመደበባቸውን ዘርፎች አይቶ፣ በነዚያ ውስጥ ደካማ የሆነባቸውን ሁለት ወይም ሦስት መርጦ ሳምንታትን እዚያ ማፍሰስ ነው። በየማለዳው ሌላ ሞዴል ፈተና መውሰድ ግፊቷ ከፍ ያለን ሴት መድኃኒት ሳይሰጡ በየሰዓቱ መለካት ነው። አንዳንዱም የተማሪው ጥፋት አይደለም። ዲዩቲ አድሮ ሳይተኛ የተፈተነውን ፈተና ውጤት ከአማካዩ ያውጣው፤ የለካው ዕውቀቱን ሳይሆን ድካሙን ነውና።

የመጨረሻው ሳምንት ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ለታማሚ የሚጠቀሙበት ሕግ ይሠራል፤ ውጤቱ ሕክምናውን የማይለውጥ ምርመራ አይታዘዝም። ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ሙሉ ሞዴል ፈተና ወስዶ 66 ቢያመጣ ምን ያደርጋል? 51 ቢያመጣስ? በሁለቱም ቢሆን የሚያደርገው አንድ ነው፤ በእርግጠኝነት ስቶ የነበራቸውን ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ማየትና መተኛት። እናት ስትደውልም ቁጥር ባይነግራት ይሻላል። ‹‹ከ55 እስከ 65 ባለው ውስጥ ነኝ›› ቢላት ‹‹እሱ ደግሞ ስንት ነው?›› ትለዋለች፣ ልክም ናት፤ እሷ የምትፈልገው የማለፉን ነገር ነው። ‹‹እማ፣ ደህና እየሄደ ነው›› ይበላት፣ አማካዩ ከፈቀደለት ውሸት አይደለም።

49 አምጥቶ የሚቀጥለውን ዙር የሚጠብቅም ይኖራል። 51 ካመጣው ጓደኛው በዕውቀት ማነሱን ከሁለቱ ቁጥሮች ማንም ሊያረጋግጥ አይችልም፤ የሆነ ቦታ መስመር መሰመር ስላለበት ተሰምሯል፣ እሱ በዚህኛው ወገን ቀርቷል። ሐይቅ ወርዶ ጥቂት ቀን ይረፍ። ሲመለስ አዲስ ፋይል ፍለጋ ቴሌግራም ከመክፈቱ በፊት አሮጌዎቹን ወረቀቶች ያውጣ፤ ‹‹እርግጠኛ›› ብሎ ጽፎባቸው የሳታቸው ጥያቄዎች እዚያው ናቸው፣ ከነሱ ይጀምር።